እሳት፣ በረዶና የእማዬ ልብ

ትናንት ሆለታ፣ ጓሮ ጎመን እየቀነጠስን ሳለ የእማዬን እጅ ያዝኩ። ትርታዋ ሦስቴ ተቻኩሎ ይመታል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ሁለቴ ይደልቃል። «ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው» ትላለች።

አሜሪካ ያለችው እህቴ «አብሌሽን ለምን አትሠራም?» ካለችኝ ወዲህ ሳነብ ከረምኩ። በዚህ ሕክምና ከብሽሽት የደም ሥር ቀጭን ቱቦ እስከ ልብ ይዘልቃል። የቦርዶው ሐኪም ሚሼል ሃይሳገርና ባልደረቦቹ በ1998 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለው የልብ ምት ሁከት መነሻው በአብዛኛው ከሳንባ ወደ ልብ ደም የሚመልሱት ሥሮች መሆናቸውን አሳዩ። ስለዚህ ሐኪሙ በሥሮቹ ዙሪያ ጠባሳ ይሠራል፣ ሁከቱ ወደ ልብ እንዳያልፍ። አንዱ መንገድ ነጥብ በነጥብ ማቃጠል ነው፤ ሌላው ፊኛ ነፍቶ ማቀዝቀዝ። በ2016 እ.ኤ.አ. «ፋየር ኤንድ አይስ» የተባለው ጥናት 762 ሕሙማን ላይ አወዳድሯቸው ፊኛው ከእሳቱ እንደማያንስ አገኘ። አዲሱ መንገድ ሙቀትም ቅዝቃዜም አይፈልግም፤ በአጭር የኤሌክትሪክ ምት የልብን ሴል ይበሳል፣ ከልብ ጀርባ የሚያልፈውን የምግብ ቧንቧ ደግሞ ይበልጥ ይምራል። ከሦስቱ ልቤን የሳበው ይኼኛው ነው።

ለእማዬ ነገርኳት። «ልቤን ሊያቃጥሉት?» ብላ ቅጠሉን አስቀመጠች።

የእሷ ልብ ግን ከእነዚህ ንጽጽሮች ውጭ ነው። በልጅነቷ ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም ቫልቯን አጠበበው፤ ደሙ ከጀርባው እየተጠራቀመ የላይኛውን የግራ ክፍል ለጠጠው፣ ጠባሳም ሞላው። ሁከቱ ከሥሮቹ ብቻ ሳይሆን ከግድግዳው ሁሉ ሲነሣ ሥሮቹን ብቻ ማጠር ምን ይፈይዳል? እንዲህ ላለው ልብ መጀመሪያ የሚታየው ቫልቩ ነው፤ በፊኛ ይከፈታል ወይ በቀዶ ሕክምና ይጠገናል። ደም እንዳይረጋ ደግሞ ዋርፋሪን። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኢንቪክተስ» የተባለ ጥናት ከ4,500 በላይ እንደ እማዬ ያሉ ሕሙማንን ይዞ፣ ዋርፋሪን የሚወስዱት አዲሱን መድኃኒት ሪቫሮክሳባንን ከሚወስዱት ያነሰ ሞት እንደደረሰባቸው አሳየ። ርካሹ፣ የቆየው፣ በየጊዜው ደም የሚያስቀዳው መድኃኒት! ይህን ሳነብ አለቀስኩ።

አብሌሽንን አላጣጥልም። ከተወለደ ጀምሮ ልቡ ውስጥ ትርፍ የኤሌክትሪክ መንገድ ያለው ወጣት ብዙ ጊዜ በአንድ ሕክምና ይድናል። አገራችን ውስጥ ለእነዚህ ልጆች በቅርብ እንዲገኝ ከልቤ እመኛለሁ።

ለእማዬ ያለን ሥራ ሌላ ነው። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ ዋርፋሪንን ቢያደክመውም ጎመኑን አልከለከልናትም፤ መጠኑን አንድ አደረግነው፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አንድ ጭልፋ። የደሟ መርጋት መለኪያ፣ አይኤንአሯ፣ ባለፈው ወር 1.6 ነበር፤ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ነገ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥተን ለምርመራ አዲስ አበባ እንወርዳለን። ካርዷን ከነጠላዋ ጫፍ ጋር ቋጥራዋለች።