ስም ያልወጣለት ማዞር እና የደጋ ሌሊት

ወራት የሚዘልቅ፣ ተመርምሮም «ምንም አልተገኘም» የሚባልለት ማዞር አንድ በሽታ አይደለም። ከጆሮ፣ ከልብ፣ ከደም፣ ከአንጎል፣ ከሚበላውና ከሚተነፈሰው ሁሉ ሊመጣ የሚችል ምልክት ነው። ከመነሻዎቹ በርከት ያሉት ደግሞ የሚገኙት ሌሊት ላይ ነው። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ በግሼም ሆነ በመርሐቤቴ «ያዞረኛል» ብሎ ጤና ጣቢያ የሚቀርብ ሰው ብዙ ነገር ይጠየቃል፤ እንዴት አድሮ እንደነጋለት ግን እምብዛም አይጠየቅም።

ስሜቱ ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ ቤቱ ከነምሰሶው ይሽከረከርበታል። ሌላው ከመደቡ ብድግ ሲል ዓይኑ ይጨልማል። ሦስተኛው ምንም ሳይዞርበት መሬት ይከዳዋል፤ ሲጠጣ እንዳደረ ሰው ይንገዳገዳል። «ራሴ ቀለለኝ፣ ልቤ ጥፍት አለ» የሚልም አለ። ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1972 ወዲህ ለረጅም ዘመን ሕሙማንን በእነዚህ አራት ክፍሎች እየመደቡ መነሻውን ሲፈልጉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ዴቪድ ኒውማን-ቶከርና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት ግን ሕሙማኑ ያንኑ ጥያቄ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ሲጠየቁ ግማሽ ያህሉ ሌላ መልስ ሰጡ። ስለዚህ ዛሬ ክብደት የሚሰጠው ማዞሩ መቼ ይጀምራል፣ ምን ያህል ይቆያል፣ ምን ይቀሰቅሰዋል ለሚሉት ጥያቄዎች ነው። እነዚህን ለመመለስ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው፣ እሱ ደግሞ ወረፋ በበዛበት ጤና ጣቢያ ውድ ነው።

በደጋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አየሩ ነው። የመንዟ መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የጓሳ ምድር ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከ70 በመቶ አይበልጥም፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ከቆላ ድንገት የወጣ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፤ ሌሊት ደግሞ ትንፋሹ እየፈጠነ፣ እየዘገየ፣ ለአፍታም ቀጥ እያለ ደጋግሞ ይባንናል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይለቃል።

እዚያው ተወልዶ ያደገውስ? በፔሩ የአንዲስ ተራሮች ሐኪሙ ካርሎስ ሞንጌ እ.ኤ.አ. በ1925 አንድ ሥር የሰደደ ሕመም ገልጾ ነበር። በከፍታ ለዓመታት የኖረ ሰው የቀይ ደም ሴሎቹ ከልክ በላይ ይበዛሉ፣ ደሙ ይወፍራል፤ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የጆሮ ጩኸትና እንቅልፍ ማጣት ይከተላሉ። ማዞርና እንቅልፍ ማጣት አንድ ላይ የተጠቀሱበት ይህ ሕመም ለመንዜም በልኩ የተሰፋ ይመስላል። የኢትዮጵያ ደገኛ ግን የአንዲስ ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች አምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መረመሩ። አማካይ ሄሞግሎቢናቸው ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም በዴሲሊትር፣ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት ደግሞ 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ይህ በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው አይለይም። እንግዲህ በአብዛኛው ከአምባራስ ዝቅ በሚለው መንዝ፣ ከአባት ከአያት ጀምሮ ለኖረ ሰው፣ ማዞሩን በአየሩ ማሳበብ ከባድ ነው።

ይህ ግኝት ለደም ማነስ ምርመራም ትርጉም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ መሠረት በ3,000 ሜትር ከፍታ ለሚኖር ሰው የደም ማነስ ወሰኑ በ1.9 ግራም ከፍ ይል ነበር። እርጉዝ ላልሆነች ሴት 12 የነበረው 13.9 ይሆን ነበር ማለት ነው። ሄሞግሎቢኗ 13 የሆነ ሴት በዚህ ስሌት ደም አንሷታል ትባል ነበር። ደሙ በከፍታ ምክንያት ከፍ በማይልበት ሕዝብ ላይ ግን ስሌቱ እንዳለ መወሰዱ ያጠራጥራል። ሴትየዋ የብረት ክኒኗን እየዋጠች ማዞሯ ባለበት ከቀጠለ፣ መጀመሪያውኑ መነሻው ሌላ ሊሆን ይችላል።

ከአየሩ መሳሳት ይልቅ የሚያሰጋው ቤት ውስጥ ታፍኖ የሚያድረው አየር ነው። የመንዝ ቤት ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ብርዱ እንዳይገባ መስኮቱ ይጠባል ወይም ጭራሹን የለም። ዛፍ የጠፋበት አገር በመሆኑ ማገዶው ኩበት ነው፤ ለጓሳ የቀረበ ደግሞ ጨረንፌ የተባለውን ቁጥቋጦ ያነዳል። ኅዳር ላይ ውርጭ ሲጥል ፍሙ በአመድ ተዳፍኖ ያድራል፣ በሩ ይቀረቀራል፣ ጥጃውና በጉ እዚያው ናቸው፣ ቤተሰቡም ባናውን ተከናንቦ ይተኛል። ጭሱ ጠፍቷልና ሰው የሚፈራው ነገር የለም። የተዳፈነ ፍም ግን ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲተፋ ያድራል። ይህ ጋዝ ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ጠዋት ራስ ይከብዳል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ የተተኛው እንቅልፍም እንዳልተተኛ ይሆናል።

ጋዙ ከምርመራ የሚያመልጥበት መንገድ የሚገርም ነው። ንጹሕ አየር ላይ ከወጡ በኋላ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ግማሹ ከደም ይወጣል። የሩቅ ቀበሌ ሰው በእግሩ መጥቶ፣ ካርድ አውጥቶ፣ ተራው እስኪደርስ ማስረጃው ተኗል። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ እንኳ ጋዙን ከኦክስጅን አይለይምና ደህና ነው ብሎ ያሳያል። የሚለየው በጥያቄ ነው፦ ማዞሩ ጠዋት ብሶ ረፋዱ ላይ የሚለቅ ከሆነ፣ ሌላው ቤተሰብም ራሴን የሚል ከሆነ፣ ውጭ ያደረው ልጅ ብቻ ደህና ከሆነ፣ ጥፋተኛው ምድጃው ነው። መድኃኒቱም ፍሙን ከመኝታ በፊት አውጥቶ መድፋትና ለአየር መተላለፊያ ክፍተት መተው ነው። በብርዱ ምክንያት ምክሩ ለመስማት እንጂ ለመፈጸም ቀላል አይደለም።

እህሉም ይጠየቃል። በገብስና በስንዴ ማሳ የሚበቅለው እንክርዳድ ከእህሉ ጋር ተወቅቶና ተፈጭቶ ሲበላ ራስ ያዞራል፣ ዓይን ያደበዝዛል፣ እግር ያንገዳግዳል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል። እናቶች ገብሱን በሰፌድ ሲያበጥሩ አንድ በአንድ የሚለቅሙት በከንቱ አይደለም። እህል በሚያጥርበት ክረምት ለቀማው ይላላል። እንዲህ ያለው ማዞር ከተበላ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ይመጣል፤ ከአንድ ሊጥ የበሉትንም አንድ ላይ ይይዛል።

ከሁሉ ቀላሉና የሚያስቆጨው የጆሮ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ሚዛን የሚጠብቁ ጥቃቅን የካልሲየም ጠጠሮች አሉ። ከቦታቸው ሲነቀሉ፣ ሰውየው መኝታው ላይ ሲገላበጥ፣ ቀና ብሎ ጣሪያ ሲያይ ወይም ጎንበስ ብሎ ምጣድ ሲያሰማ ቤቱ ይሽከረከርበታል፤ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜም ይቆማል። ሮበርት ባራኒ ስለ ሚዛን አካል ባደረገው ምርምር የ1914ቱን የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሐኪም ነው፤ ይህንንም ሕመም እ.ኤ.አ. በ1921 ገልጾታል። ፈውሱ መርፌም ክኒንም አይደለም። ጆን ኤፕሊ የተባለ አሜሪካዊ የጆሮ ሐኪም የቀየሰው፣ ታማሚውን አጋድሞ ጭንቅላቱን በተወሰነ ቅደም ተከተል ማዞር ነው፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ይድናል። የሠለጠነ የጤና ባለሙያ አልጋ ካለው መሐል ሜዳም የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማም ሊያደርገው ይችላል። ሳይታወቅ ከቀረ ግን ታማሚው መገላበጥን ይፈራል፣ ሌሊቱን ትራስ ተደግፎ ያነጋል፤ እንቅልፍ ማጣቱ በራሱ ሌላ ማዞር ይወልዳል።

ሲነሱ የሚመጣውን ማዞር ለመለየት አንድ የደም ግፊት መለኪያ ይበቃል። ታማሚው ተኝቶ ይለካል፣ ከዚያ ቆሞ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ይለካል፤ የላይኛው ቁጥር በ20፣ ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ መነሻው ተገኝቷል። ተቀምጦ ብቻ የተለካ ሰው «ግፊትህ ደህና ነው» ተብሎ ይሸኛል። ውኃ ማነስ፣ ደም መፍሰስና የግፊት ክኒን ከሚያመጡት መካከል ናቸው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምስ የሚውል፣ ሌሊቱን ደግሞ መቋሚያውን ተደግፎ ማኅሌት ቆሞ ያደረ ካህን ሦስት ነገር ተደራርቦበታል፦ ረሃቡ፣ ጥማቱና እንቅልፍ ማጣቱ።

እንቅልፍ ራሱ ማዞርን በሁለት በኩል ያመጣል። አንደኛው አለመተኛት ነው። ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ጤነኛ ሰው እንኳ ቆሞ ሲለካ ሰውነቱ ከወትሮው ይበልጥ ይወዛወዛል። ማይግሬን ላለበት ሰው ደግሞ እንቅልፍ ማነስ ከዋነኞቹ ቀስቃሾች አንዱ ነው፤ ራስ ምታት ሳይኖር እንኳ ከአምስት ደቂቃ እስከ ሦስት ቀን የሚቆይ ማዞር ሊያመጣ ይችላል። ሁለተኛው ተኝቶ አለማረፍ ነው፤ ጉሮሮው እየተዘጋ ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰው ስምንት ሰዓት ተኝቶም ደክሞት ይነሳል። ኦክስጅኑ ሌሊቱን ሲወርድ ሲወጣ ያድራል፣ ግፊቱ ሌሊት መውረድ ሲገባው አይወርድም፣ ጠዋት ራሱን ያመዋል፣ ቀን ያንቀላፋዋል፣ ያዞረዋል። ማታ አረቄ መጠጣት የጉሮሮውን ጡንቻ አላልቶ ያብሰዋል። ይህን ሕመም ባለቤቱ አያውቀውም፤ የሚያውቀው አጠገቡ የሚተኛው ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አንዲት አሮጊትን «እማማ፣ እንቅልፍዎስ እንዴት ነው?» ብላ ብትጠይቅ እንዲህ ሊመለስላት ይችላል፦ «ኧረ ምን እንቅልፍ አለ ልጄ! ሽማግሌው ሲያንኮራፋ ያድራል፤ ደግሞ ጭጭ ሲል ሞተ ብዬ እደነግጣለሁ።» በዚህ አንድ መልስ ሁለት ታማሚ ተገኘ፤ ካርድ ያወጣችው ግን አንዷ ብቻ ናት።

ዱካክም ከዚሁ ወገን ነው። ሰውየው ነቅቶ ሳለ እጅ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል፣ ደረቱ ላይ የተጫነው ነገር ያለ ይመስለዋል። አንጎል ከእንቅልፍ ሲነቃ የሰውነት ጡንቻ ገና ባለመለቀቁ የሚመጣ ነው፤ እንቅልፍ ሲቆራረጥና በጀርባ ሲተኙ ይበዛል። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል የሚወስዱት ብዙዎች ናቸው፤ ማዞርም እንደዚያው። ጠበሉ የእምነት ጉዳይ ነው። ጉዳት የሚያመጣው ለሱባኤው ተብሎ የግፊት፣ የስኳር ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲቋረጥ ነው።

ጤና ተቋም የሄደው ሰው ብዙ ጊዜ ይዞት የሚመለሰው ስም «ታይፎይድ» ወይም «ታይፈስ» ነው። ይህን የሚሰጡት የዊዳልና የዌይል-ፌሊክስ ምርመራዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. የ1896፣ ሁለተኛው የ1916 ሥራ ነው። ቀድሞ በሽታው የነካውን ሰው ዛሬም ታማሚ አድርገው ሊያሳዩ ይችላሉ። ትኩሳት የሌለበትን፣ ሦስት ወር የቆየ ማዞር በአንድ ጠብታ ደም ታይፎይድ ማለት ሕክምና አይባልም። ቀጥሎ የሚታዘዘው መርፌም መዘዝ አለው፤ ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን የጆሮን የሚዛን ሴሎች ሊገድሉ ይችላሉ። እንዲህ የተጎዳ ሰው ቀን ቀን ይሻለዋል፤ ጨለማ ሲሆን ግን ግድግዳ ሳይዝ ደጅ መውጣት አይችልም። ለማዞር ተብሎ የሚሰጠው ሲናሪዚንም ለጥቂት ቀን እንጂ ለዓመት አይደለም። እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፣ አንጎል ራሱ የሚያደርገውን ማስተካከያ ያዘገያል፤ አረጋውያንን ደግሞ እጃቸውን ሊያንቀጠቅጥ ይችላል።

ሁሉም ተፈትሾ የሚቀር አንድ ዓይነት አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 በባራኒ ስም የሚጠራው ማኅበር መስፈርት አወጣለት፦ ከሦስት ወር በላይ በአብዛኞቹ ቀናት የሚኖር፣ ቆመው ሲሄዱና ሰው በሚተራመስበት ቦታ የሚብስ መንገዳገድ። የሚጀምረው ከአንድ የጆሮ ሕመም ወይም ከከባድ ድንጋጤ በኋላ ነው፤ መነሻው ቢድንም አንጎል ከጥበቃው አይወርድም። እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ውስጥ ደህና ውሎ ገበያ መሐል ሲደርስ ይዞርበታል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሞላሌና መዘዞ በደረሰ ጊዜ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት፣ በተኩስ ድምፅ የሚባንኑባቸው ሌሊቶች በዝተዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ማዞር ከእነዚያ ሌሊቶች የተሻለ መነሻ አይገኝም። ሕክምናው የሚዛን ልምምድ፣ የምክር አገልግሎትና አንዳንዴ የድብርት መድኃኒት ነው። «ምንም የለህም» የተባለ ሰው ይህን አያገኝም።

ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ድረስ ከመላክ በፊት ቀበሌ ላይ የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው፦ ተኝቶና ቆሞ ግፊት መለካት፣ ጆሮ ማየት፣ ሄሞግሎቢንና ስኳር መለካት፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶችን መቁጠር፣ አጠገብ የሚተኛውን ሰው መጠየቅ። ታማሚው ደግሞ ለሁለት ሳምንት የተኛበትንና የነቃበትን ሰዓት፣ ማዞሩ የመጣበትን ጊዜና የቆየበትን ልክ ይመዝግብ፤ መጻፍ ካልቻለ የተማረ ልጅ ይጻፍለት። በቀጠሮ የማይቆይም አለ። ማዞሩ ድንገት ጀምሮ ፊት ከተጣመመ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ አንድ ወገን ከዛለ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ወይም ሰውየው ያለ ድጋፍ መቆም ካቃተው የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ሊሆን ይችላል። ራስን መሳት፣ የደረት ውጋትና ጥቁር ሰገራም እንዲሁ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ያስኬዳሉ።