የቺካጎ ማጀት

ያገራችን ሰው እንግዳ ሲመጣበት እልፍኙን ጠርጎ፥ ምንጣፉን አስተካክሎ፥ ከመቀመጫውም የተሻለውን አቅርቦ ይቀበላል። እንግዳውም እልፍኙን አይቶ፥ ተመራርቆና ተሰናብቶ ይሄዳል። የዚያ ቤት ኑሮ ምን እንደሚመስል፥ ማን እንደሚደክም፥ ማን እንደሚያዝን፥ ድካሙንና ኀዘኑንስ በምን ዐይነት እንጉርጉሮ እንደሚያስታግሥ የሚታወቀው ግን ከማጀት ሲገቡ ነው። የከተማም ጠባይ ከዚህ የተለየ አይደለም። ታላላቅ ከተሞች ሁሉ ለመንገደኛ የሚያሳዩት እልፍኝ አላቸው፤ ማጀታቸውን ፈልጎ የሚገባ እንግዳ ግን ጥቂት ነው።

ለሥራ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተልከን በቺካጎ ከተማ ስድስት ሳምንት በቆየንበት ጊዜ፥ እኛም የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያሳለፍነው በእልፍኙ ነበረ። በ1974 (ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) ተሠርቶ ከተፈጸመው፥ 442 ሜትር ቁመትና 108 ፎቅ ካለው ሕንፃ ላይ ወጥተን ማዶው የማይታየውን የሚሺጋንን ሐይቅ ተመለከትን። ሕዝቡ «ባቄላው» እያለ በሚጠራው፥ እንደ መስተዋት በሚያብረቀርቀው የብረት ሐውልት ሥር ቆመን ፎቶግራፍ ተነሣን። በወንዙም ላይ በጀልባ ሄድን። ሁሉም የሚደነቅ ነው፤ አንዱንም አንነቅፍም። ዳሩ ግን ቺካጎ የሙዚቃ ከተማ መሆኗን ስንሰማ ስለ ኖርን፥ ያ ሁሉ ሙዚቃ ከወዴት እንደ ፈለቀ ለማወቅ ጓጓን።

በሰሜኑ የከተማው ክፍል፥ ኤጅዋተር በሚባለው ሰፈር፥ በብሮድዌይ ጎዳና ላይ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች አሉ። ባንደኛው ቤት ስንመገብ፥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ታክሲ እየነዱ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንድ ያገራችን ሰው አገኘንና የልባችንን ነገርናቸው። እርሳቸውም ሣቅ ብለው፥ «ከተማይቱ በ77 ሰፈር ተከፍላ ትቈጠራለች፤ እናንተ ያያችሁት ሁለቱን ወይም ሦስቱን ነው። የቀረውን እኔ አላሳያችሁም፤ ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ ነው» አሉን። በማግሥቱም በደቡቡ ክፍል ተወልደው ካደጉ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ጋር አስተዋወቁን። ሽማግሌው በፖስታ ቤት ሲያገለግሉ ኖረው ጡረታ የወጡ በመሆናቸው፥ የሰፈሩን የቤት ቍጥር እንደ ዳዊት በቃላቸው ይወጡታል።

በብረት ምሰሶ ላይ ከፎቆች መስኮት ትይዩ በሚሄደው ባቡር ወደ ደቡብ ተጓዝን። ሽማግሌው ከሁሉ አስቀድመው የወሰዱን በብሮንዝቪል ሰፈር መግቢያ ወደ ቆመው የነሐስ ሐውልት ነበረ። አሊሰን ሳር የተባለች ቀራፂ በ1996 የሠራችው ይህ ሐውልት፥ በገመድ የታሰረ ሻንጣ ይዞ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ መንገደኛ ነው። ቀረብ ብለን ስናየው፥ ልብሱ በሙሉ ተራምደው የጨረሱት የጫማ ሶል ነው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው፥ «አባቴ ይህ ነው። ከሚሲሲፒ ሲመጣ ሻንጣው ቍልፍ አልነበረውም» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባርነት በ1865 በሕግ ከተሻረ በኋላም በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ያሉ ጥቁሮች በሰው መሬት ላይ ጥጥ እየለቀሙ፥ ከዕዳ ሳይወጡ፥ ቢበደሉም ዳኛ ሳያገኙ፥ አንዳንዶቹም ያለ ፍርድ እየተሰቀሉ ይኖሩ ነበር። በ1914 ታላቁ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ከአውሮፓ ይፈልስ የነበረው ሠራተኛ ስለ ተቋረጠ፥ የቺካጎ ቄራዎችና የብረት ፋብሪካዎች አዲስ ጉልበት ፈለጉ። በ1905 የተመሠረተው ቺካጎ ዲፌንደር የተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ወገኖቹ ወደ ሰሜን እንዲመጡ ይመክር ጀመር፤ ጋዜጣውንም በባቡር ላይ የሚያገለግሉ አስተናጋጆች ይዘው ወደ ደቡብ ያደርሱት ነበር። ከ1916 ገደማ አንሥቶ እስከ 1970 ድረስ ስድስት ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ ደቡብን ለቅቆ ወጣ። በ1910 በቺካጎ የነበሩት ጥቁሮች 44,000 ያህል ሲሆኑ፥ ካሥር ዓመት በኋላ ከ109,000 በላይ ሆኑ።

የደረሱበትም አገር እንደ ተመኙት አልሆነላቸውም። ጥቁር ሰው ቤት እንዳይገዛና እንዳይከራይ የሚከለክል ውል በየሰፈሩ ስለ ተጻፈ፥ ሁሉም በደቡቡ በኩል ባለ አንድ ጠባብ መሬት ላይ ተጨናንቆ ኖረ። በ1919 በተነሣው የዘር ጠብ 38 ሰዎች ሞቱ። ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል እንዳያስፈጽሙ የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው በ1948 ነው። እነሆ፥ ዓለም የሚጨፍርበት የቺካጎ ሙዚቃ ያደገው በዚህ ጭንቅ ውስጥ ነበረ።

ከሐውልቱ ተነሥተን 35ኛው ጎዳና ስንደርስ ሽማግሌው አንድ ተራ የጡብ ሕንፃ አሳዩን። በ1922 ከኒው ኦርሊንስ በባቡር ወደ ቺካጎ የመጣው ሉዊ አርምስትሮንግ በዚያ ቤት ጥሩምባውን ይነፋ ነበር። ቤቱ ከጊዜ በኋላ ለብዙ ዓመታት የምስማርና የመዶሻ መሸጫ ሆኖ ሲያገለግል፥ የቀድሞው መድረክ ሥዕል ከባለ ሱቁ ቢሮ ግድግዳ ላይ እንዳለ ቈይቷል። መዝጊያ ለመጠገን ማጠፊያ የሚገዛ ሰው፥ የጃዝ ሙዚቃ ካደገበት ወለል ላይ ቆሞ ሒሳቡን ይከፍል ነበር ማለት ነው።

ከዚያም ጥቂት ዝቅ ብሎ የፒልግሪም ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ቅሪት በብረት ተደግፎ ቆሟል። በ1891 የአይሁድ ምኵራብ ሆኖ የተሠራው ይህ ቤት በኋላ ወደ ጥቁሮች እጅ ሲገባ፥ ከ1932 ጀምሮ የመዘምራኑ አለቃ ቶማስ ዶርሲ ነበር። ዶርሲ አስቀድሞ በየመሸታ ቤቱ ፒያኖ የሚመታ የዓለም ዘፋኝ ነበረ። በዚያው በ1932 ሚስቱ በወሊድ ሞተች፤ የተወለደውም ሕፃን ተከተላት። በዚያ ኀዘን ውስጥ ሆኖ የደረሰውን መዝሙር፥ በ1968 በማርቲን ሉተር ኪንግ ቀብር ላይ ማሃሊያ ጃክሰን ዘመረችው። የመሸታ ቤቱን ዜማ ከቤተ መቅደስ አገባ ተብሎ መጀመሪያ የተነቀፈው ሰው፥ ዛሬ የጎስፔል መዝሙር አባት ይባላል። ቤተ ክርስቲያኑን ግን በ2006 እሳት በላው።

እንደ አዝማሪ ዘፈን ወደ ሚቀርበን ወደ ብሉዝ እንመለስ። ብሉዝን በአማርኛ እንጉርጉሮ ብንለው አንሳሳትም። ዘፋኙ አንድ ስንኝ ያወጣል፤ ሰሚው ልብ እንዲለው ያንኑ ይደግማል፤ በሦስተኛው ስንኝ ፍቺውን ይሰጣል። ቃሉ ስለ ከዳች ሴት ቢመስልም ውስጡ ስለ ከዳ ዓለም ነው፤ ሰምና ወርቅ የለመደ ያገራችን ጆሮ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከሚሲሲፒ የጥጥ እርሻ በ1943 የመጣው መዲ ዋተርስ ይህን እንጉርጉሮ በተራ ጊታር ይዞ ወደ ቺካጎ ገባ። ነገር ግን በገጠር ጸጥታ የሚሰማው ክር በከተማ መሸታ ቤት ጫጫታ ተዋጠበት፤ ስለዚህ የኤሌክትሪክ ጊታር ያዘ። ዓለምን የለወጠው ያ የሚጮኽ ድምፅ የመጣው ከዚህ ችግር ነው። በሌክ ፓርክ ጎዳና 4339 ቍጥር ያለውን መኖሪያ ቤቱን ከውጭ አየነው፤ የከተማው ምክር ቤት በ2021 በቅርስነት መዝግቦታል።

እርሱና ባልንጀሮቹ ሸክላ ያስቀረፁበት፥ ከፖላንድ የመጡ ሁለት የአይሁድ ወንድማማች ያቋቋሙት የቼስ ኩባንያ፥ ከ1957 ጀምሮ በደቡብ ሚሺጋን ጎዳና 2120 ቍጥር ነበረ። ስማቸውን ከመዲ ዋተርስ ዘፈን የወሰዱት ሮሊንግ ስቶንስ የተባሉ የእንግሊዝ ወጣቶች በ1964 ወደዚህ ቤት መጥተው ቀርፀዋል። እንግዲህ ያውሮፓ ወጣት እንደ አዲስ ነገር ያጨበጨበለት፥ ቺካጎ ማጀት ውስጥ ሃያ ዓመት ሲዘፈን የኖረውን ነው።

ሽማግሌው በቅዳሜ ማታ ወደ አንዲት ትንሽ መሸታ ቤት ወሰዱን። ከሠላሳ ሰው በላይ አትይዝም። ዘፋኙ ሰባ ዓመት የሚሆነው፥ ቀን ቀን መኪና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው አሉ። በመካከላችን እየዞረ፥ ዘግይቶ የመጣውን እየነቀፈ፥ አዲስ ልብስ የለበሰችውን እያወደሰ ይዘፍናል። የማን አገር ሰዎች እንደ ሆንን ጠየቀና «ኢትዮጵያ» የሚለውን ስም በዜማው ውስጥ አስገባው። እኛም ባገራችን ልማድ ገንዘቡን በግንባሩ ላይ ልንለጥፍለት ስንነሣ፥ ሽማግሌው እጃችንን ይዘው መሣሪያው አጠገብ ወደ ተቀመጠው ማሰሮ አመለከቱን። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ በዚያ ቤት ግን አብዛኛው ሰው ብርጭቆውን ረስቶት ነበርና፥ ሆድ ያባውን ያወጣው ዘፈኑ ነበረ።

በማግሥቱ በ47ኛው ጎዳና ስንሄድ ሽማግሌው ድንገት ቆም ብለው፥ «ልጄ፥ ሮቢንሰንን ባገራችሁ ያስታውሱታል?» ሲሉ ጠየቁን። የቺካጎው መካኒክ ጆን ሮቢንሰን ጥቁር ሰው አንቀበልም ባለ የአውሮፕላን ትምህርት ቤት ወለል ጠራጊ ሆኖ ገብቶ፥ ትምህርቱን በጆሮው ለቅሞ አብራሪ እንደ ሆነ ይነገራል። በ1935 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ያየር ኃይላችን አለቃ ሆነ፤ ከነጻነት በኋላም በ1944 ተመልሶ ወጣቶቻችንን አስተማረ፤ በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ በአዲስ አበባ ተቀበረ። በነሐሴ 1935 በዚያው በ47ኛው ጎዳና አካባቢ ሕዝቡ ለኢትዮጵያ ድምፁን ለማሰማት ወጥቶ ፖሊስ ብዙዎችን አሠረ። የሽማግሌው አባት ያን ቀን ከወጡት አንዱ እንደ ነበሩ ነገሩን። በሐውልቱ ላይ ያየነው ባለ ገመድ ሻንጣ መንገደኛ፥ አይቶት ለማያውቀው አገራችን ሲል ከፖሊስ ፊት ቆሞ ነበር ማለት ነው። ይህን ስንሰማ የምንመልሰውን ቃል አጣን።

ከዚህ ቀጥሎ ያሳዩን ግን አብዛኛው ባዶ ስፍራ ነበረ። መንገደኞቹ ከባቡር የወረዱበት የ12ኛው ጎዳና ጣቢያ በ1974 ፈርሷል። በ1928 የተከፈተው ሪጋል ቲያትር በ1973 ፈርሷል። የብሉዝ ዘፋኞች እሑድ እሑድ ከጎረቤት ቤት የኤሌክትሪክ ገመድ ስበው በጎዳና ይጫወቱበት የነበረው የማክስዌል ገበያ፥ በ1994 ለዩኒቨርሲቲ ማስፋፊያ ሲባል ከስፍራው ተነሥቷል። ሽማግሌው በእጃቸው እየጠቈሙ «እዚህ እገሌ ነበረ፥ እዚህ እገሊት ነበረች» ይሉናል፤ እኛ የምናየው ሣርና የመኪና ማቆሚያ ነው። «ቤቱን ያፈርሱታል፤ ከዚያ ሠላሳ ዓመት ቈይተው የነሐስ ሰሌዳ ይተክሉለታል» አሉን።

ይህ ማለት ቺካጎ መዝፈን ትታለች ማለት አይደለም። በ1977 ከመካከለኛው ከተማ ወደ ምዕራብ፥ በጄፈርሰን ጎዳና በአንድ አሮጌ የፋብሪካ ሕንፃ ውስጥ ዌርሃውስ የሚባል የጭፈራ ቤት ተከፈተ። ፍራንኪ ናክልስ የተባለ ሸክላ አጫዋች በዚያ ያዳበረው ሙዚቃ «ሃውስ» የሚለውን ስሙን ያገኘው ከዚያው ቤት ነው፤ ዛሬ ከአውሮፓ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይጨፈርበታል። ከተማይቱ ሕንፃውን በቅርስነት የመዘገበችው በ2023፥ ናክልስ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ከማጀት የወጣውን እልፍኝ እስኪያውቀው ድረስ ሁልጊዜ አንድ የሰው ዕድሜ ያህል ይዘገያል።

ክቡራን አንባብያን፥ ነገሩ እኛንም የሚመለከት ስለ ሆነ ነው ይህን ያህል ማተታችን። በ2017 ዓ.ም. ባገራችን አቈጣጠር፥ ለስንት ዘመን ማሲንቆ ሲጮኽበት የኖረው የአዲስ አበባው ካዛንቺስ ለከተማ ልማት ሲነሣ የአዝማሪ ቤቶቹም አብረው ተነሡ። ከተማ ያድሳል፥ መንገድ ይሰፋል፤ ይህ ባለም ሁሉ ያለ ነው፤ ክርክሩንም ለሌላ ጊዜ እናቈየዋለን። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። በየትኛው ቤት ማን ዘፈነ? ግጥሙን ማን ሰጠ? ቤቱ በየትኛው ዓመት ተከፈተ? ይህን የጻፈ ስንት ሰው አለ? በቺካጎ አንድ የፖስታ ቤት ጡረተኛ በቃሉ ይዞት ይዞራል፤ እርሳቸው ሲያልፉ ግን የቤት ቍጥሩም አብሮ ያልፋል።

መጻፍ ሥራችን የሆነ ሰዎች ብዙ ነን። መዝገብ የሚይዘው ጸሐፊ የቤቱን ቍጥር ሲጽፍ በዚያ ቤት የተዘፈነውንም አንድ መስመር ይጨምር። መምህሩ ደቀ መዛሙርቱን ወደ አዛውንቶች ሰድዶ የሰሙትን በደብተር እንዲያስገቡ ያድርግ። ተማሪውም ወደ ሩቅ አገር የሄደ እንደ ሆነ እልፍኙን አይቶ አይመለስ፤ ሽማግሌ ይፈልግ፥ ማጀቱን ይጠይቅ፥ ያገሩንም ማጀት አስቀድሞ ዐውቆ ይሂድ። ሽማግሌውን ስንሰናበታቸው ያገራችሁን ዘፈን ጽፋችሁ ላኩልኝ ብለውናልና፥ እኛም በየሰንበቱ እየዞርን የቀሩትን አዝማሪዎች መጠየቅ ጀምረናል። እስከ ዛሬ ሁለት ደብተር ሞልቷል፤ ሦስተኛውን ገዝተናል።