ከወልድያ እስከ ሐይቅ፦ ልጆቿን በአፏ የያዘችው ዓሣ

የወልድያ ሰንበት ተማሪዎቻችን የሐሙስን ፍጥረታት ሲማሩ ሰንብተው፣ በበዓለ ሃምሳ አንድ ቅዳሜ ዓሣን በዓይናቸው ሊያዩ ወደ ሐይቅ ተነሡ። እኔም የልጅ ልጄን ተከትዬ ሄድሁ።

ሲሪንቃን አልፈን የሀብሩዋ መርሳ ስንደርስ ማንጎ ገዛን። ውርጌሳንና ውጫሌን ተሻግረን ሐይቅ ገባን። መጀመሪያ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበትን የእስጢፋኖስ ገዳም፣ ወንዶቹ ከውስጥ ሴቶቹ ከደጅ፣ ተሳለምን።

ከዳርቻው አንድ ዓሣ አስጋሪ መረቡን ይፈታል። አብሮን የመጣው የባዮሎጂ መምህር አንዲት ቆሮሶ አንሥቶ አፏን በቀስታ ከፈተው፤ እንቁላል ሞልቶታል። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ትይዛለች፤ ከተፈለፈሉም በኋላ ጫጩቶቿ አደጋ ሲያዩ ተመልሰው እዚያው ይሸሸጋሉ። እስኪጠነክሩ ድረስ እናቲቱ እህል ውኃ የላትም ማለት ይቻላል። ቆሮሶ ለሐይቁ እንግዳ ነው፤ በ1971 ዓ.ም. ገደማ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተለቀቀ ነው። የተራባው በእንዲህ ያሉ እናቶች ነው።

«አባባ፣ እሷን ከሸጧት ልጆቿስ?» አለችኝ የልጅ ልጄ። መልስ አጣሁ። አስጋሪው ሰምቶ ኖሮ ዓሣዋን ወደ ውኃው መለሳት። ዋጋዋን ልከፍል ብል፣ «ተዉት አባቴ፤ እናቶቹን ስንጨርስ እኮ ነው መረባችን የሳሳው» አለኝ።

ወላጆች ሆይ፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል። የእኔዋ ልጅ ማንጎዋን ሳትበላ ለእናቷ ይዛ ገባች።