ከጐባ ወደ ደሎ መና፥ ውሻችንን ትተን

ከቤተ ሰባችን ጋራ ወደ ሩቅ አገር በተነሣን ጊዜ ሁሉ ውሻችን አለኝታ ተለይታን አታውቅም። ባሌን ለመጐብኘት ከአዲስ አበባ በተነሣንበትም ዕለት እንደ ልማድዋ ከልጆቹ ቀድማ ወደ መኪናው ገባች፤ እኛም የሚከለክል ነገር ይኖራል ብለን አላሰብንም። ሮቤን አልፈን ጐባ አምሽተን በደረስን ጊዜ ግን ያሳደሩን ሽማግሌ ቡናው እስኪፈላ እንኳ ሳይጠብቁ፥ «ይህችን ውሻ ነገ ወዴት ልትወስዷት ነው?» ብለው ጠየቁን። ሳነቴን ተሻግረን ደሎ መና ልንወርድ መሆናችንን ስንነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መንገዱ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መካከል የሚያልፍ ስለ ሆነ በዚያ ውሻ ይዞ መጐብኘት እንደማይገባ አስረዱን።

ታላቂቱ ልጃችን፥ «አባባ፥ የኛዋ ተከትባለች እኮ» ብላ ተከራከረቻቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፥ «ልጄ፥ ያንቺዋ መከተቧን አንቺ ታውቂያለሽ፤ ከኋላሽ የሚመጣውን ሰው ውሻ ግን ማን ያውቃል?» ሲሉ መለሱላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀይ ቀበሮ በስሙ ቀበሮ ይባል እንጂ በዘሩ የተኵላ ወገን፥ ስለዚህም የውሻ የቅርብ ዘመድ ነው። ጥፋቱም የሚመጣበት ከዚሁ ዝምድና የተነሣ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው የውሾች በሽታ እርሱንም ይይዙታልና። ቀይ ቀበሮ ለአደን ብቻውን ቢወጣም በቤተ ሰብ ተሰብስቦ የሚኖር፥ ከዘመዶቹም ጋራ አፍ ለአፍ ገጥሞ ሰላምታ የሚለዋወጥ አውሬ ስለ ሆነ፥ አንዱ የታመመ እንደ ሆነ በሽታው ለሌሎቹ ይተርፋል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ወይብ ሸለቆ በገባ ጊዜ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ ያህል በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ አዋቂዎቹ ቢቈጠሩ 500 የማይሞሉ ሲሆኑ ከግማሽ የሚበልጡት የሚኖሩት በባሌ ነው። የደጋውን እረኛ ደግሞ ውሻህን ጣል ማለት አይቻልም፤ ሌሊት ጅብ ሲመጣ በረቱን ማን ይጠብቅለታል? ስለዚህ የቀበሮ ጠባቂዎች የመንደሩን ውሾች እየዞሩ ይከትባሉ፤ ከ2018 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) ወዲህም ለቀበሮዎቹ ክትባቱን በሥጋ ውስጥ ሸሽገው በሌሊት ይጥሉላቸዋል። እረኛው ውሻ የሚይዘው ቸግሮት ነው፤ እኛ ግን ለደስታችን ነበር። ይህን ካሰብን በኋላ ክርክሩ አለቀ።

በማግሥቱ ማለዳ አለኝታን በሽማግሌው ግቢ አሰርናት። ጩኸትዋ ከከተማው እስክንወጣ ድረስ የሚሰማን መሰለን፤ ታናሹ ልጃችንም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሜዳ ነው። ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል፤ ጅባራው ብቻ እዚህም እዚያም እንደ ዘበኛ ቆሟል፤ በስተ ምዕራብም 4,377 ሜትር የሆነው ቱሉ ዲምቱ ይታያል። ነጂው መኪናውን አቁሞ በዝምታ አመለከተን። ከብቶች ይግጣሉ፤ በመካከላቸውም አንድ ቀይ ቀበሮ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ከላሞቹ ጥላ ሳይወጣ ይራመዳል። ከብቱን አልነካም፤ የሚሻው በባሌ ብቻ የሚገኘውን ትልቁን ፍልፈል ነበር፤ ላሞቹንም መሸሸጊያ አድርጓቸዋል። ኦሮሞዎች ጀደላ ፈርዳ፥ ማለት የፈረስ ቀበሮ፥ ይሉታል። ድንገት ዘለለ፤ አፈር ተበተነ፤ ፍልፈሉን አፉ ውስጥ አየነው። አለኝታ በዚያ ሰዓት አብራን ብትሆን ኖሮ በአንድ ጩኸት ቀበሮውንም ከብቱንም በበተነች ነበር።

ከሜዳው ጫፍ መንገዱ ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል። ቍልቍለቱ እጅግ የሚያስፈራ ነው፤ ባለቤታችን ዓይንዋን ጨፍና የወረደችው ይበዛል። ከላይ ሽበት የመሰለ ሽበቶ የተንጠለጠለበት አስታ፥ ቀጥሎ ኮሶና ቀርከሃ፥ ከታችም ማንም ያልተከለው ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይገኛል፤ ከዛፎቹ ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል። ይህ ሁሉ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በአውሮፓ አቈጣጠር በ2023 ዓ.ም. ነው።

ማለዳ ካባ ደርበን የተነሣን ሰዎች ከቀትር በኋላ ደሎ መና ስንደርስ በሸሚዝ ብቻ ቀረን። ከጐባ ያለው ርቀት ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙ የማይበልጥ ሲሆን ቆላው ግን ሌላ አገር ነው፤ በገበያው የሐረና ቡና በጆንያ ይሸጣል፤ ግመሎችም በጥላ ተኝተው ያመነዥካሉ። ለሽማግሌው ቡናና አንድ እንስራ ማር ገዛን።

በሦስተኛው ቀን ወደ ጐባ ተመለስን። ልጆቹ አለኝታ እየዘለለች የምትቀበላቸው መስሏቸው ሮጡ፤ እርስዋ ግን አልዘለለችም። ጫማችንንና የካባችንን ጫፍ አንድ በአንድ፥ እጅግ ረጅም ጊዜ ስታሸት ቈየች፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ጅራትዋን ወዘወዘች።