መሳቢያው እኔ ነበርኩ

ዛሬም ኤርፖርት ተራ እየጠበቅሁ ነው የምጽፍላችሁ። ከፊቴ ሠላሳ ምናምን ታክሲ ተሰልፏል፤ ስለዚህ ጽሑፉ ቢረዝም ጥፋቱ የኔ አይደለም።

የዛሬው ጉዳዬ ልጄ ናት። ቀን ፋርማሲ ትሠራለች፣ ማታ ትጽፋለች። የምትጽፈው ስላልመጣ ዘመን፣ ስለሌለ አገር፣ ስለሚናገር ወንዝ ነው። «ስፔኩሌቲቭ ፊክሽን» ይባላል አለችኝ። እኔ ደግሞ ለዓመታት «ሥራ መፍታት» ስለው ኖሬያለሁ። እስካሁን ሁለት አጫጭር ታሪኮች ታትመውላታል። ሦስተኛው አሥራ ዘጠኝ ቦታ ተልኮ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ «አይሆንም» ተብሏል። አንድ ረጅም ልቦለድም ጀምራ ግማሽ ላይ ናት።

አምና ክፍያውን ጠየቅኋት። ደህና የሚባል መጽሔት ለአንድ ቃል 8 ሳንቲም ይከፍላል፤ የደራሲዎቹ ማኅበርም የባለሙያ ክፍያ ብሎ የሚቆጥረው ከዚያ ጀምሮ ነው። እኔ ሒሳብ እወዳለሁ። 4,000 ቃል፣ 320 ዶላር፣ የስምንት ወር ልፋት! «ልጄ፣ የቤት ኪራይ በስንት ቃል ነው የሚከፈለው?» አልኳት። እንግዶች ነበሩ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች፤ ግን ቶሎ አቆመች። ከዚያ ወዲህ የጻፈችውን አሳይታኝ አታውቅም።

አሁን ወደ ሌበር ደይ ልውሰዳችሁ። አትላንታ የምትነዱ ድራገን ኮንን ታውቁታላችሁ። ከ1987 ጀምሮ ያለ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ዳውንታውን ክንፍ በተከለ፣ ጎራዴ በታጠቀ፣ ፊቱን አረንጓዴ በቀባ ጎልማሳ ይጥለቀለቃል። ዘንድሮ አንዱን ከነክንፉ በሩ አላስገባ ብሎት ስንታገል ቆየን። ቀጥሎ የጫንኳቸው ግን ሱፍ የለበሱ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ። «ይኼ ሁሉ የልጅ ጨዋታ ነው፤ የኔም ልጅ በዚሁ ተለክፋለች» አልኳቸው።

«ዱ ቦይስን ታውቀዋለህ?» አሉኝ። በስም አውቀዋለሁ፤ ለጥቁሮች መብት የታገለ ትልቅ ምሁር። ከ1897 እስከ 1910 እዚሁ አትላንታ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። የጥቁሮችን ኑሮ በቁጥርና በሠንጠረዥ ያጠና የነበረ ሰው ነው። በ1906 ነጮች በዚህች ከተማ ተነሥተው ጥቁሮችን ሲገድሉም ነዋሪነቱ እዚሁ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ስለ አንዲት የብረት ልዕልት ታሪክ ጻፈ። ሜጋስኮፕ የሚባል፣ ተራ ዓይን የማያየውን የሚያሳይ መሣሪያ ያለበት ታሪክ ነው። በሕይወት ሳለ አልታተመም። ወረቀቱ ማኅደር ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ሁለት ምሁራን ያሳተሙት በ2015 ነው። መቶ ዓመት በላይ ቆጠረ ማለት ነው!

በ1920 ያሳተመው ሌላ ታሪክም አለ። ጅራታም ኮከብ ኒውዮርክን ይጨርስና አንድ ጥቁር የባንክ ተላላኪና አንዲት ሀብታም ነጭ ሴት ይተርፋሉ። ለጥቂት ሰዓት ሁለት ሰዎች ብቻ ይሆናሉ። ዘመዶቿ ሲደርሱ ግን ቀለሙ ይመለሳል።

ሽማግሌው ሲወርዱ «ሰንጠረዡን አንብቦ ልቡ ያልተነካውን ሰው በተረት ሊይዘው ፈልጎ ይሆናል» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ይቺ ነገር ከጆሮዬ አልወጣችም።

ማታ ቤት ገብቼ «እስቲ ያን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ የተመለሰውን አንብቢልኝ» አልኳት። ተጠራጠረችኝ። ኋላ በእንግሊዝኛ እያነበበች፣ ሲከብደኝ ወደ አማርኛ እየመለሰች ጀመረች። ዘመኑ ሩቅ ነው፣ ውኃ የለም፣ ከተማውን የሚገዛው ዘንዶ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ዘልዬ ተነሣሁ። አርዌ ነው! ትምህርት ቤት ሳደርሳት 285 ላይ ትራፊክ ይዞን የነገርኳት ዘንዶው ንጉሥ! እኔ ጀግናው ለፍየል መርዝ አብልቶ፣ ፍየሏን ለዘንዶው ሰጥቶ ገደለው ብዬ ነበር የጨረስኩት። እሷ የጻፈችው ስለ ፍየሏ ነው። «ያኔ ፍየሏስ ምን አጠፋች ብዬህ፣ አባዬ፣ መንገድ ተከፈተ ብለህ ዝም አልከኝ» አለችኝ።

መቼ ነው መጨረሻ የላክሽው ስላት፣ የኪራዩ ቀልድ ሰሞን እንደሆነ ነገረችኝ። የዱ ቦይስን ወረቀት ማን መሳቢያ ውስጥ እንዳስቀረው አላውቅም፤ የልጄን ግን አውቀዋለሁ።

ወላጆች፣ ስለ ኪራይ መጨነቃችን ልክ ነው። እዚሁ አትላንታ አካባቢ የሚኖረው ሚልተን ዴቪስ ኬሚስት ነው፤ ከሙያው ጎን የራሱን ማተሚያ አቋቁሞ የጥቁሮችን ምናባዊ ታሪክ ያሳትማል። እንጀራውም ብዕሩም አብረው ይሄዳሉ። ልጆቻችሁ ሲጽፉ ሒሳቡን ለራሳችሁ ያዙት፤ መጀመሪያ አንብቡላቸው።

ትናንት ማታ ወደ ሃያኛው ቦታ ልካዋለች። መልስ ገና ነው። እኔ ግን ከእሷ በላይ ስልኬን እያየሁ ነው።

ተራዬ ደረሰ፣ ልሂድ። ቸር ያሰማን!