የዳቦ ማሽኑና የእናታችን እጅ

በእኛ ቤት ዳቦ ማለት የእናታችን እጅ ማለት ነበር። እኛ ሦስት እህትማማቾች ያደግነው ኮልፌ አካባቢ በሚገኝ ግቢ ውስጥ ነው። ሐሙስ ማታ የተቦካው ሊጥ ጁሙዓ ጠዋት ኩፍ ብሎ ክዳኑን ሲያነሳ ስናይ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። እናታችን የወሎ ልጅ ናት። ድፎዋን በኮባ ጠቅልላ፣ ከታችም ከላይም እሳት አድርጋ ስትጋግር መዓዛው አጥር ዘሎ ጎረቤት ይደርሳል። ጎረቤቱም ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ድርሻው አይቀርበትም ነበር። ሰርግ ሲሆን፣ ልጅ ሲወለድ፣ ሐዘን ሲደርስ ሰዎች በቅድሚያ የሚልኩት ወደ እርሷ ነበር። «የእርስዎ እጅ ይሻለዋል» ይሏታል፤ እርሷም እጅጌዋን ሰብስባ ትነሳለች።

ይሁንና ዕድሜ ሥራውን አይተውም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ቁርጥማት የጣቶቿን መገጣጠሚያ ያዘባት። በመጀመሪያ «ብርድ ነው» አለች። ቀጥሎ ሊጡን እያቦካች መሐል ላይ ማረፍ ጀመረች። በመጨረሻም አንድ ቀን ከኩሽና ስንገባ እጇን እስከ ክንዷ ሊጥ ውስጥ እንደከተተች ቆማ፣ ማውጣትም መቀጠልም አቅቷት አገኘናት። ማንም ምንም አላለም። አንዳችን ሊጡን ተቀበልናት፣ ሌላችን ውሃ አፈሰስንላት። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ዳቦ ከሱቅ ይገዛ ጀመር።

ይህን ወሬ ዱባይ የምትሠራው ታላቃችን በስልክ ሰማች። በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር ላይም ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ አንድ ትልቅ ካርቶን ላከች። በውስጡ የዳቦ ማሽን ነበር። «እማዬ ከእንግዲህ እንዳትደክም» የሚል ቃልም አብሮ መጣ።

ውድ አንባቢያን! ይህን ዕቃ ላላያችሁት ጥቂት ብንገልጸው መልካም ነው። መጠኑ የመካከለኛ ባልዲ ያህል ሆኖ፣ ውስጡ አንድ መጥበሻ መሳይ ጎድጓዳ ዕቃ፣ በዚያም ሥር የምትሽከረከር አንዲት ትንሽ መቅዘፊያ አለችው። ውሃ፣ ዱቄት፣ ጨው፣ ስኳር፣ ዘይትና እርሾ ጨምራችሁ ክዳኑን ትዘጋላችሁ። መቅዘፊያዋ ታቦካለች፤ ከዚያ ታርፋለች፤ ማሽኑ ለብ ብሎ ሊጡን ኩፍ ያደርጋል፤ በመጨረሻም በዙሪያው ያለው ብረት ግሎ እዚያው ይጋግረዋል። ሥራው ከሦስት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል። ሲጨርስ ጢጥ ጢጥ ብሎ ይጣራል። የእኛው ስፒናው ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ስለነበር በእኛ ሶኬት አልገባ ብሎ፣ መጀመሪያ የሰፈሩን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተን አስቀየርነው።

እናታችን በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ታያለች። ለላከችው ልጇ ዱዓ አደረገች። ከዚያም ፈገግ ብላ፣ «እንግዲህ እኔም ጡረታ ወጣሁ ማለት ነው» አለች። እኛም ሳቅን። ዛሬ ያንን ሳቅ ስናስታውስ እናፍራለን፤ ምክንያቱም ከዚያን ቀን በኋላ እናታችን ኩሽና መግባት ተወች። ወጡን «እናንተ እዩት» ትላለች፤ ቡናውን «አፍሉት» ትላለች። በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ወደ በሩ ታያለች። እረፍት የላክንላት መስሎን ቦታዋን የወሰድንባት መሆኑን ለማወቅ ብዙ ቀናት ፈጀብን።

ማሽኑ በበኩሉ እኛን ማሳፈሩን ቀጠለ። በመመሪያው መጽሐፍ የተጻፈውን አንድም ሳናጎድል ለክተን ጨመርን። ሊጡ አብጦ አብጦ የክዳኑን መስታወት ነካ፤ «ተሳካ!» ብለን ተጠራራን። መጋገር ሲጀምር ግን መሐሉ ሰመጠ፤ ሲወጣ ዝናብ የጣለበት ጉድጓድ መስሎ ወጣ። በማግስቱ ውሃው በዝቶ ነው ብለን ቀነስን፤ እንደ ጡብ የከበደ ነገር ሆነ። በሦስተኛው ቀን ፉርኖ ዱቄቱን ትተን ከወፍጮ ቤት የመጣውን ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት ሞከርን፤ እርሱም ፍርክስክሱ ወጣ። ዳቦውን መጣል ነውር ስለሆነ ሦስቱንም በሻይ እየነከርን በላነው።

በአራተኛው ቀን መቅዘፊያዋ ስትሽከረከር እናታችን ሳትጠራ መጣች። ለረጅም ጊዜ ቆማ አዳመጠች። ከዚያም፣

«ምን ያህል እርሾ ጨመራችሁበት?» አለችን።

«አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ። መጽሐፉ እንዲህ ነው የሚለው፣ እማዬ።»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው የት አገር ነው ያለው?»

ምን እንመልስ? ዝም አልን።

«ልጆቼ፣ ከቆላ የመጣች ሙሽራ ደጋ ስትገባ ሊጧ ይበላሽባታል። ይህም ዕቃ እንግዳ ነው። እርሾው በዝቶበት ይቸኩላል፤ የቸኮለ ደግሞ ይወድቃል» አለች። ክዳኑን ከፍታም አንድ ጣቷን ሊጡ ላይ አሳረፈች። «ይኸኛው ደግሞ ውሃ ጠምቶታል። ሁለት ማንኪያ ስጡት።»

እንዳለችው አደረግን። ዱቄቱ ከዳር ዳር ተሰብስቦ አንድ ለስላሳ ድቡልቡል ሲሆን በዓይናችን አየን። «እንደ ሕፃን ጉንጭ ሲሆን በቃው» አለችን። በሚቀጥለው ጊዜ እርሾውን አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ አደረግነው፤ ዳቦው መሐሉ ሳይሰምጥ፣ ቅርፊቱ ወርቅ መስሎ ወጣ። ከሥሩ መቅዘፊያዋ የተወችው ቀዳዳ አለ። እናታችን ገልብጣ አይታ፣ «ይህ ዳቦ እምብርት አለው!» ብላ ከልቧ ሳቀች። ከወራት በኋላ የሰማነው የመጀመሪያው ሳቋ ነበር።

ነገሩን በኋላ ስናጣራ እናታችን የተናገረችው እውነት ሆኖ አገኘነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባህር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ እርሾ የሚያወጣው አየር ሊጡን ሲያሳብጥ ከላይ የሚጫነው ነገር ያንሳል፤ ሊጡ በፍጥነት አብጦ፣ ራሱን መሸከም አቅቶት ይወድቃል። በተጨማሪም በደጋ ደረቅ አየር የተቀመጠ ዱቄት ውሃ ይጠማል፤ ያልተነፋ ዱቄትማ የባሰ ይጠጣል። ባህር ጠረፍ ለሚኖር ሰው የተጻፈ መመሪያ እኛ ዘንድ ሲደርስ መታረም ነበረበት ማለት ነው። እናታችን የግፊት ትምህርት አልተማረችም፤ ከወሎ ቆላ እስከ ደጋው፣ ከዚያም እስከ ኮልፌ ድረስ ሊጥ ስታቦካ ግን እጇ ተምሮታል።

ይበልጥ ያስገረመን ደግሞ የማሽኑ የራሱ ታሪክ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ የጃፓኑ ማትሱሺታ ኩባንያ፣ ዛሬ ፓናሶኒክ የሚባለው፣ የቤት ውስጥ የዳቦ ማሽን ለመሥራት ሲሞክር ዳቦው ከላይ እያረረ ከውስጥ ጥሬ እየሆነ አስቸግሮ ነበር። በዚህ ጊዜ ኢኩኮ ታናካ የምትባል የኩባንያው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ባለሙያ በኦሳካ ከተማ አንድ ሆቴል ዋና ዳቦ ጋጋሪ ዘንድ ሄዳ እንደ ደቀ መዝሙር ተማረች። ሰውየው ሊጡን የሚስበው ብቻ ሳይሆን እየጠመዘዘ እንደሚስበው ያስተዋለችው አጠገቡ ቆማ ስትሠራ ነው። ከዚህም የተነሳ መሐንዲሶቹ የማሽኑን ውስጥ አሻሻሉት፤ ማሽኑም በ1987 ለገበያ ቀረበ። እነሆ፣ የሰውን እጅ ተካ የተባለው ማሽን ራሱ ከሰው እጅ የተማረ ነው! ይህን ለእናታችን ስንነግራት፣ «እንዲያ ከሆነማ ዘመዴ ነው» አለች።

ነገር ግን ትልቁን ትምህርት ያገኘነው ማሽኑ በቆመበት ቀን ነው። ረመዷን ገብቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ለኢፍጧር ጠርተን ነበር። ከዙሁር ሰላት በኋላ ማሽኑን አስነሳን። አቡክቶ ጨርሶ ሊጡ ኩፍ ማለት ሲጀምር መብራት ጠፋ። የእኛ ማሽን መብራት ከጥቂት ደቂቃ በላይ ከጠፋበት የደረሰበትን ይረሳል፤ ተመልሶ ሲበራ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፤ መብራቱ አልመጣም። በዚያ ላይ አንድ የማሽን ዳቦ ለአሥራ ሁለት ሰው አይበቃም፤ ሁለተኛ ልንደግም አስበን ነበር። «ከሱቅ እንግዛ» ብለን ስንነጋገር እናታችን ከበርጩማዋ ሆና፣

«እጃችሁን ታጠቡ» አለች።

«እማዬ፣ አንቺ እኮ አትችዪም...»

«እኔ አልኩ እንዴ? እናንተ ናችሁ የምታቦኩት። ቢስሚላህ በሉና ዱቄቱን አምጡ።»

ከማሽኑ የወጣውን ሊጥ በአዲስ ዱቄት ላይ እንደ እርሾ ጨመርነው። እኛ፣ ዕድሜያችን ሠላሳን ያለፈ ሴቶች፣ በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ የድፎ ሊጥ በእጃችን አቦካን። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ትከሻችን ዛለ፤ የእጃችን አንጓ ነደደ። እየተፈራረቅን አሸነው። እርሷ ምንም ሳትነካ ትመራናለች፤ «በመዳፍሽ ግፊው፣ በጣትሽ አይደለም»፣ «ጠምዝዢውና አጥፊው»፣ «አሁን ተዉት፣ ይረፍ»። ጥቁር አዝሙዱን በእፍኟ ለክታ እርሷው ጨመረች። ኮባ ከጎረቤት ግቢ ተቆረጠ፤ ከሰል ተቀጣጠለ፤ ድፎው ከላይና ከታች እሳት ተደረገለት። አዛን ሊል ሲቃረብ ዳቦው ወጥቶ በጨርቅ ተሸፍኖ ነበር።

እንግዶቹ «ማሻአላህ፣ የእርስዎ እጅ ነው!» ሲሏት፣ «የእኔ አይደለም፤ የእነርሱ ነው» አለች። እኛ ግን ያን ሌሊት በታመመ ክንዳችን ላይ ጋደም ብለን አንድ ነገር ብቻ እናስብ ነበር። እኛን ለአንድ ቀን ያዛለን ይህ ሥራ እርሷ ከአርባ ዓመት በላይ የተሸከመችው ነው። ስንበላ ጣፋጭነቱን አወቅን እንጂ ክብደቱን አላወቅንም ነበር። ደግሞም እጇ ከመታመሙ በፊት «አስተምሪን» ያልንበት አንድ ቀን እንኳ የለም።

ዛሬ ማሽኑ በቤታችን ሥራውን ይሠራል፤ አልጣልነውም። እናታችን በበርጩማዋ ከጎኑ ትቀመጣለች፤ ማቡካት በጀመረ በአሥረኛው ደቂቃ ክዳኑን ከፍታ ሊጡን ትነካዋለች፤ ውሃ ወይም ዱቄት የምታዘው እርሷ ናት። ድካሙን ለማሽኑ ሰጠነው፤ ፍርዱን ለእርሷ መለስንላት።

መሥራት ለምትፈልጉ በአዲስ አበባ የሚሆነንን ልክ እንንገራችሁ። 300 ሚሊ ሊትር ውሃና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፤ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፤ 500 ግራም ፉርኖ ዱቄት፤ ከላይ ዱቄቱን በጣት ጎድጎድ አድርጋችሁ፣ ውሃውንና ጨውን ሳይነካ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ። ትንንሽ ዳቦ ከፈለጋችሁ ማሽኑን ለሊጥ ብቻ በሚለው ላይ አድርጉት፤ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ሊጡን አውጥታችሁ አሥር ቦታ ቆርጣችሁ አድቦልቡሉት፤ ግማሽ ሰዓት በጨርቅ ሸፍናችሁ ካሳረፋችሁት በኋላ በመጠነኛ ሙቀት በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ አክንባሎ ደፍታችሁ፣ አንድ ጊዜ እያገላበጣችሁ ጋግሩት። ለልጆች የትምህርት ቤት ምሳ እጅግ ይስማማል።

ይህን ልክ በደብተር ስንጽፍ እናታችን እያየች፣ «ጻፉት፤ ግን ዱቄቱ ሁልጊዜ አንድ አይደለም፤ በእጃችሁ ሳትነኩት አትመኑት» አለችን። ይህንንም ጻፍነው።

ውድ እህቶችና ወንድሞች! ለወላጆቻችን የሚያሳርፍ ዕቃ መላክ መልካም ነገር ነው፤ ምንዳውም አይጠፋም። ነገር ግን ዕቃውን ስንልክ «ከእንግዲህ አታስፈልጉም» የሚል መልእክት አብሮ እንዳይደርሳቸው እንጠንቀቅ። ከጎናቸው እንቀመጥ፤ እጃቸው ሳይደክም፣ ከደከመም አንደበታቸው ሳለ እንጠይቃቸው። የእናታችንን እጅ ማሽን አይተካውም፤ እኛ ግን፣ አላህ ካለ፣ ልንወርሰው እንችላለን።