የሻላ ወፎች ምግብ

ዛሬ ስለ አንድ ትልቅ ነጭ ወፍ ላጫውታችሁ። ስሙ ፔሊካን ይባላል። ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ሜትር ይጠጋል። ከመንቁሩ ሥር እንደ ስልቻ የሚለጠጥ ቆዳ አለው። ዓሣ የሚጨልፈው በዚያ ነው።

ይህን ወፍ ያየሁት ሻላ ሐይቅ ላይ ነው። ሻላ ከደጀን ሩቅ ነው። አባይን ተሻግሮ፣ አዲስ አበባን አልፎ፣ ወደ ደቡብ ሌላ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። ሐይቁ ጥልቅ ነው፤ እስከ 266 ሜትር ይወርዳል። በውስጡ ትናንሽ ደሴቶች አሉ። ደሴት ማለት ዙሪያውን ውሃ የከበበው መሬት ነው። ፔሊካኖቹ ለብዙ ዘመን እንቁላል የጣሉት፣ ጫጩት የፈለፈሉት በነዚህ ደሴቶች ላይ ነው። ጅብና ቀበሮ ውሃውን አቋርጠው አይደርሱባቸውማ! የሐይቁ ስም ራሱ የወፉ ስም ነው። በኦሮምኛ ሻላ ማለት ፔሊካን ነው።

ታዲያ አንድ ችግር አለ። የሻላ ውሃ ጨዋማ ስለሆነ ዓሣ እምብዛም የለውም። ዓሣው የነበረው ከኮረብታው ማዶ፣ አብያታ በሚባለው ሐይቅ ነው። ወፎቹ ጠዋት ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቀው ይጠብቃሉ። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሳ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ እየዞሩ አብረውት ይወጣሉ። ጉልበት ሳይጨርሱ ኮረብታውን ያልፋሉ። አብያታ ሲደርሱ ሥራቸው እንደ ደቦ ነው። ተሰልፈው ዓሣውን ይከቡና ወደ ዳር ይነዱታል፤ ከዚያ ባንድነት መንቁራቸውን ይነክራሉ። ለጫጩቶቻቸውም በሆዳቸው ይዘው ይመለሳሉ።

ይህን በክፍል ሳወራ አንድ አባት፣ «መምህር፣ ምን ያለ ሞኝ ወፍ ነው፤ ቤቱን ከምግቡ አርቆ የሚሠራ!» አሉኝ። አጠገባቸው የነበሩት እናት ቀደሙኝ። «አያ፣ የአንቱስ ቤትዎ ደጋ፣ ማሽላዎ ቆላ አይደል?» አሏቸው። ሁላችንም ሳቅን። እውነታቸውን ነው። ወደ አባይ በረሃ ወርዶ የሚያርስ ሰው ሞኝ አይባልም። ግን ማሳው ቢጠፋ ቤቱ ብቻውን ምን ያደርግለታል?

ፔሊካኖቹንም ይኸው ገጠማቸው። ወደ አብያታ የሚገባው የቡልቡላ ወንዝ የሚነሳው ከዝዋይ ሐይቅ ነው። ከዝዋይና ወደ ዝዋይ ከሚገቡት ወንዞች ለመስኖ ብዙ ውሃ ተወሰደ። ከራሱ ከአብያታም የሶዳ አሽ ፋብሪካ ውሃ ሳበ። ሶዳ አሽ ለጠርሙስና ለሳሙና መሥሪያ የሚሆን ዱቄት ነው። ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁ በጣም ሸሸ። የቀረው ውሃ ጨው በዛበት፤ ዓሣውም አለቀ። ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ይህ ግን ውሃውን አላስቀረውም። ወፎቹ ዓሣ ፍለጋ እስከ ዝዋይ መሄድ ጀመሩ። መንገዱ ረዘመ። ጫጩት ደግሞ መንገድ ረዘመ ብሎ አይታገስም፤ ይርበዋል። በደሴቶቹ ላይ የሚፈለፈለውም እያነሰ ሄደ።

በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማውን ገበሬ እኔ አልወቅሰውም። እሱም የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉት። ነገር ግን እናንተ የመስኖ ውሃ ስትካፈሉ ተራ አለ፤ የሚያካፍል የውሃ አባት አለ። ቡልቡላ ላይ በበጋ የአብያታ ተራ ሳይደርስ ውሃው ያልቃል።